የስድስተኛው ሬጅስተር ስሞች

የብርጓል ኩሩ ሴት ናት፤ ኩራቷም ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ዳር፣ ፔዳ በሚባለው ሠፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ ባሕር ማዶ ያለ የጡረታ ድርጅት የሚገለገልበትን ፕሮግራም ትጠግናለች። ፕሮግራሙ የተጻፈው እሷ ሳትወለድ ነው። የሚሠራውም ሜይንፍሬም በሚሉት ግዙፍ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የዘመኑ ልጆች ስሙን ሲሰሙ «እንዴ፣ እሱ አለ?» ይላሉ። አለ እንጂ። ባይኖር እነየብርጓል ምን ሠርተው ይበሉ ነበር?

ቋንቋው አሴምብሊ ይባላል፤ ማሽኑን ያለ አስተርጓሚ በቀጥታ የሚያዙበት ነው። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ሬጅስተር የሚባሉ አሥራ ስድስት ትንንሽ መያዣዎች አሉ። ሲፈጠሩ ስም የላቸውም፤ ከዜሮ እስከ አሥራ አምስት ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ሥራ ሁሉ በእነሱ በኩል ያልፋል። እንደ ሰው እጅ ናቸው፤ የያዙትን ሳይጥሉ ሌላ አያነሱም። ስለ ማሽኑ ይህን ካወቃችሁ ይበቃችኋል፤ ከዚህ በላይ አላደርቃችሁም።

የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ቁጥሩን ብቻ እየጻፉ ነው ያለፉት። «ስድስት ላይ ጫን፤ ከሰባት ቀንስ» ይላል። ስድስት ምን እንደያዘ፣ ሰባት የምን እንደሆነ አንዳቸውም አልጻፉም። የብርጓል ሥራ የጀመረች ሰሞን አንዱን ገጽ ለመረዳት ስንት ቀን ስታፈጥጥ ቆየች፣ በመጨረሻም ብስጭት ብላ ደንብ አወጣች። እያንዳንዱ ሬጅስተር በሚሠራው ሥራ ይጠራ አለች። የጡረተኛውን መዝገብ አድራሻ የያዘው «አባል» ይባል፤ ገንዘቡን የሚደምረው «ድምር» ይባል፤ የልጆቹን ሰንጠረዥ የያዘው «ልጆች» ይባል። ስሞቹን ሁሉ አንድ ቦታ አሰፈረቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ፕሮግራም ሲጽፍ ከዚያ እየወሰደ ይጠቀማል። ያ ዓይን የሚያጠፋ ኮድ ሰው የሚያነበው ነገር ሆነ። ደንበኞቹ አመሰገኗት፤ እሷም ምስጋናውን አልመለሰችም። ይገባኛል አለች፤ ደግሞም ይገባታል።

ነገር የተበላሸው በብሥራት እጅ ነው። ብሥራት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም ያልቆየች፣ በሙከራ የተቀጠረች ልጅ ናት። የመሪጌታ ልጅ ስለሆነች ይሁን ወይም ተፈጥሮዋ ሆኖ፣ ካልጠየቋት አትናገርም። ለዚህ ሥራ ግን ነፍሷን ትሰጣለች፤ ሌላው ምሳ ሊበላ ሲወጣ እሷ ሬጅስተሮቹን እያሰበች ትቀራለች። ባሕር ዳር ውስጥ አሴምብሊ የሚጻፍበት ሌላ ቤት የለም። ከዚህ ከወጣች ሌላ ሥራ ታገኝ ይሆናል፤ ይህን ሥራ ግን አታገኘውም። የሙከራ ጊዜዋ ደግሞ በሚመጣው ሰኞ ያልቃል።

የተሰጣት ሥራ ሁለት አሮጌ ፕሮግራሞችን አንድ ማድረግ ነበር፤ አንደኛው የጡረተኛውን መዝገብ የሚያነብ፣ ሁለተኛው ለልጆቹ የሚገባውን ድጎማ የሚያሰላ። አዋሐደቻቸው። ሲሞከር ልጅ የሌላቸው ጡረተኞች ደህና ወጡ፤ ልጅ ያላቸው ግን ጉድ ሆኑ። አንድ የስድሳ አምስት ዓመት ሰውዬ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ መጣ። ባሏ የሞተባት አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ገና አፏን ያልፈታች ሕፃን ሆነች። ብሥራት ኮዱን ስታነበው፣ ደግማ ስታነበው፣ መስመሩ ሁሉ ልክ ነው። «አባል» አባሉን ይዟል፤ «ልጆች» ልጆቹን ይዟል። ማሽኑ ላይ ሲወጣ ግን እንደገና ሽማግሌዎቹ ልጆች ይሆናሉ።

አርብ ዕለት አለቃቸው አብዱልሃኪም ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው። አብዱልሃኪም የጣና ዳር ልጅ ነው፤ አባቱ ጀልባ ሠሪ ነበሩና እሱም እንደ እሳቸው ውኃ የሚያስገባ ነገር አይወድም።

«ስህተቱ የት ነው?» አለ።

«አላገኘሁትም» አለች ብሥራት። «ስሞቹን እንደ ደንቡ ነው የተጠቀምሁት።»

«ስሞቹማ ምን ያድርጉ?» አለች የብርጓል ፈገግ ብላ። «ስንት ፕሮግራም ተጽፎባቸዋል።»

ብሥራት ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ወጥታ በሩን ስትዘጋ አብዱልሃኪም ወንበሩን ወደ የብርጓል አዞረ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ትሆናለች?»

«ጎበዝ ናት» አለች የብርጓል። «ጥንቃቄ ይጎድላታል።»

ልብ በሉ፣ ኮዱን አልከፈተችውም። ደንቡ የእሷ፣ ስሞቹ የእሷ ናቸው፤ ችግሩ እዚያ ይኖራል ብሎ ማሰብ አልመጣላትም። ሰው በራሱ ሲተማመን እንዲህ ነው፤ የገዛ ደጁን ትቶ የጎረቤቱን ይጠርጋል።

«እንግዲያው ሰኞ እናሰናብታት» አለ አብዱልሃኪም። «ደንበኛዋ፣ የጡረታ ድርጅቱ ሴትዮ፣ ሰኞ ጠዋት ትደውላለች፤ ምን አደረጋችሁ ስትለኝ የምመልሰው ነገር ያስፈልገኛል።»

«አንተ ታውቃለህ» አለችው፤ ቦርሳዋንም አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። እሑድ ማኅበር ነበረባትና ሐሳቧ ወደ ድግሱ ዞሯል።

ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ዘንዘልማ ነው። እሷና ባሏ ሀብተ ሥላሴ ትናንት እርሻ በነበረ መሬት ላይ የሠሩት፣ አጥሩ ገና ቀለም ያልነካው ቤት። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራው ደርሷቸው ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ከጢስ ዓባይ አክስቷ መጥተዋል፤ ከከተማ ደግሞ አማቷ። ሁለቱም ድግስ ማዘዝ የሚወዱ ሴቶች ናቸው፤ እርስ በርስ ግን መታዘዝ አይወዱም። ስለዚህ ያለ ጠብ ተካፈሉት፤ አክስት ዳሱንና ጠላውን ያዙ፣ አማት ጓሮውንና ወጡን ያዙ። በመካከል የሚያስተባብሩት ጋሽ ገብረ ሕይወት ናቸው፤ በቅርቡ ከደብረ ማርቆስ የመጡ ጡረተኛ ጎረቤት፣ ሰውን ገና በደንብ ያልለመዱ፣ ለሥርዓት ግን የሚሞቱ ሽማግሌ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ላስታውሳችሁ። የብርጓል ስትወለድ የብርጓል አልነበረችም። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አገርነሽ ነው። ስትዳር አማቷ እጇን ይዘው «እኔ ቤት የብርጓል ነሽ» አሏት፤ ያም ስም አብሯት ቢሮ ገባ፣ ከተማውም በእሱ አወቃት። ለጢስ ዓባይ ዘመዶቿ ግን እስከዛሬ አገርነሽ ናት። ክርስትና ስሟ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቁት የነፍስ አባቷ ናቸው። እኛ ዘንድ አንዲት ሴት ሁለት ሦስት ስም ቢኖራት የሚደነቅ የለም። ለየሰዉ በየስሟ አቤት ትላለች፣ ያልፋል።

ታዲያ ጋሽ ገብረ ሕይወት መጀመሪያ ወደ ዳሱ ገቡ። «ጠላው በማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። «በአገርነሽ» አሉ አክስት። ወደ ጓሮ ዞሩ። «ወጡ በማን እጅ ነው?» አሉ። «በየብርጓል» አሉ አማት። ሽማግሌው ሁለቱም ሥራ ባለቤት እንዳለው አረጋግጠው፣ ደስ ብሏቸው፣ ከካህናቱ ጎን ተቀመጡ። ሊረዱ የመጡ የሠፈር ሴቶች «እናግዝ?» ሲሏቸውም «ሥራው ተይዟል፤ ተቀመጡ» ብለው መለሷቸው።

የብርጓልን መጀመሪያ አክስቷ ጠሯትና ጠላ ቀዳች። መሐል ላይ አማቷ «የብርጓል፣ ወጡን እያማሰልሽ ቆይ» አሉ፤ ማንቆርቆሪያውን ዳሱ ጥግ አስቀምጣ ሮጠች። ማማሰያውን ጨበጥ እንዳደረገች አክስቷ «አገርነሽ» አሉ፤ ተወችውና ተመለሰች። አንዱን ስትይዝ ሌላው ይወድቃል። በመጨረሻ ዳሱ ውስጥ ባዶ ብርጭቆ የያዘ ሰው በዛ፣ ከጓሮ ደግሞ ያረረ ወጥ ሽታ መጣ።

ጋሽ ገብረ ሕይወት ተነሡ። «አገርነሽ የት ሄደች? ጠላው እኮ በእሷ እጅ ነበር።»

«የቷ አገርነሽ?» አሉ አማት ከጓሮ በር ብቅ ብለው።

የብርጓል ማማሰያዋን እንደያዘች በመካከላቸው ቆመች። «እኔ ነኝ» አለች። «ጋሽዬ፣ አገርነሽም እኔ ነኝ፤ የብርጓልም እኔው ነኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔ እኮ ሁለት ሴቶች ናችሁ ብዬ ነው! ለጠላው አንድ፣ ለወጡ አንድ። ሰው ሞልቷል ብዬ ሌላውንም አስቀመጥሁ።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ካህናቱ ሳቁ፣ አክስትና አማት ሳይወዱ ተያይተው ሳቁ፣ የብርጓልም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጋሽ ገብረ ሕይወት ግን አፈሩ። «ምን ዓይነት ግድየለሽ ሽማግሌ ነኝ» እያሉ ወንበራቸውን ይፈልጋሉ።

«እርስዎ ምን አጠፉ?» አለቻቸው የብርጓል አንጀቷን በልተዋት። «ጠየቁ፣ የነገርንዎትን ሰሙ። ጥፋቱ ሁለት ስም ሰጥተን አንድ ሰው መሆኔን ያልነገርንዎት የእኛ ነው።»

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ሳቋ ጠፋ። ክው አለች።

«አባል» ስድስተኛው ሬጅስተር ነው። ይህን በእንቅልፏም ታውቀዋለች። «ልጆች»ስ? «ልጆች» የሚለውን ስም ያወጣችው ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሌላ ፕሮግራም ስትጠግን ነው። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ አባል የሚባል አልነበረም። ስድስት ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበርና ልጆቹን ለእሱ ሰጠችው። በየፕሮግራሙ በየስሙ አቤት እያለ ኖረ፤ ማንም አልተጎዳም። ብሥራት ሁለቱን ፕሮግራሞች አንድ ቤት ስታስገባቸው ግን አንዱ እጅ ሁለት ነገር እንዲይዝ ታዘዘ። ልጆቹን ሲያነሣ አባሉን ጣለው። ማሽኑ ስም አያውቅም፤ ስሙን በቁጥር ለውጦ ስለሚሠራ ሁለቱም ለእሱ ስድስት ናቸው። ስሙን የሚያምነው አንባቢው ነው። ብሥራት ደግሞ የብርጓልን ስሞች አመነች።

ያን ቀን እንግዳ ጥሎ መሄድ አይሆንምና ጠላውን ቀዳች፣ ወጡንም ለሌላ ሴት አስረከበች። ፊቷ ደህና ነው። ግን ያቺ ልጅ አርብ ዕለት በሩን ስትዘጋ የነበራት ፊት እየመጣ ዓይኗ ላይ ይቆማል፤ «ጥንቃቄ ይጎድላታል» ያለው የራሷ ድምፅም ይሰማታል። ኮዱን ሳላይ ፈረድሁባት፣ አለች በልቧ። አዘነች፤ አፈረችም። ከዚያ ደግሞ የብርጓል ናትና፣ ነገ ጠዋት አስተካክለዋለሁ ብላ ወሰነች።

ሰኞ ማለዳ በባጃጅ ፔዳ ደረሰች። ኮዱን ከፈተች፤ ሁለቱን መስመር አገኘች። «አባል» ስድስት፤ «ልጆች» ስድስት። ከሁለቱም ጎን የጸሐፊው ስም ተጽፏል፤ የራሷ ነው። ወንበሯ ላይ ብዙም አልቆየችም፤ ተነሥታ አብዱልሃኪም ቢሮ ገባች።

«ብሥራት አትሰናበትም» አለችው።

«ደህና አደርሽ በመጀመሪያ።»

«ደህና አደርህ። ስህተቱ የእኔ ነው። ለአንድ ሬጅስተር ሁለት ስም ሰጥቻለሁ፤ አንድ መሆኑንም የትም አልጻፍሁም። ልጅቷ ደንቤን እንዳለ ነው የተከተለችው።»

አብዱልሃኪም ስልኩን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ደንበኛዋ አሁን ትደውላለች። ይህንን ለእሷ ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ።»

«የጻፍሽው ሁሉ ይመርመር ትላለች እኮ።»

«ትበል። ካልተመረመረ እኔም ከእንግዲህ አልተኛም።»

ደንበኛዋ ደወለች። የብርጓል ሳትለማመጥ፣ እንዳለ ነገረቻት፤ የቱ ስም መቼ እንደወጣ፣ ለምን ማሽኑ እንዳልተቃወመ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ። ሴትዮዋ ደንቡ ስንት ፕሮግራም ውስጥ እንዳለ ጠየቀች። «ሁሉም ውስጥ» አለች የብርጓል። እንግዲያው ሁሉም ይነበባል አለች ሴትዮዋ፤ የየሬጅስተሩ ሥራም በየፕሮግራሙ ራስጌ ይጻፋል፤ አንባቢው ግን ደንቡን ያወጣው ሰው መሆን የለበትም። ይህ ነገር የብርጓልን ጠቅ አደረጋት። እውነት ስለሆነ ዋጥ አደረገችው።

ስልኩ ሲዘጋ አብዱልሃኪም «ታዲያ ማን ያንብበው?» አለ።

«ብሥራት። ከእሷ በላይ ያነበበው የለም።»

ብሥራት ረፈድ አድርጋ መጣች። የቢሮውን ኮምፒውተር በቦርሳው አድርጋ፣ መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ በእጇ ይዛለች። የሚሰናበት ሰው አመጣጥ ነው። የብርጓል በሩ ላይ ጠበቀቻትና ወደ ራሷ ጠረጴዛ ወሰደቻት፤ ሁለቱን መስመር አሳየቻት።

ብሥራት አየችው። ደጋግማ አየችው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ስድስትን ነካች፣ ወደ ታች ወርዳ ስድስትን ነካች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አልፈሰሰም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች የብርጓል። «አትሄጂም። ለአብዱልሃኪምም ለደንበኛዋም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ስሞቹን ነው የተጠቀምሁት ብዬ ነበር፣ እትዬ።»

«ብለሽ ነበር።»

«እስቲ አብረን እንየው ቢሉኝ ኖሮ አርብ ዕለት ይገኝ ነበር። እርስዎ እኮ ሳያዩ ሳቁብኝ።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ቃሉ ግን አልተለሳለሰም። «እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሥራሽ እንዴት ነው አሉኝ። ከበሩ ውጭ ሆኜ የሰማሁትን፣ ጥንቃቄ ይጎድላታል ተባልሁ ልበላቸው? በእኔ የመጣ መስሎኝ ሌሊቱን ሁሉ ራሴን ስመረምር አደርሁ።»

«እውነትሽን ነው» አለች የብርጓል።

ብሥራት ኮምፒውተሩን ከቦርሳው አወጣች። «እቀራለሁ» አለች። «ግን እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሬጅስተር አንድ ስም ብቻ ይኑረው፤ ቁጥሩም ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይጻፍ፣ ያነበበ ሁሉ እንዲያየው። በራስጌው ማን ምን እንደያዘ፣ ከየት እስከ የት እንደያዘው ይጻፍ። ያልተጻፈ ነገር በእርስዎም አፍ ቢሆን አልቀበልም።»

አብዱልሃኪም ከበሩ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። የብርጓል ወደ እሱ አላየችም። «እሺ» አለች። «ከየትኛው እንጀምር?»

«ከእርስዎ የመጀመሪያ ፕሮግራም።»

የብርጓል ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ያቺ ሁሉን ያስተማረች ሴት፣ እንደ ተጠያቂ። ያ ፕሮግራም የልጇ ያህል ነው፤ የምትመካበት ሥራ ቢኖራት እሱ ነው። ብሥራት ከላይ ጀመረች። ሬጅስተር ሁለት ምን እንደያዘ ጠየቀች፤ የብርጓል ወዲያው መለሰች፣ ብሥራትም መስመሩን አግኝታ ጻፈች። ሦስትም እንዲሁ። ስድስት ጋ ሲደርሱ መስመሩን ሁለት ጊዜ አንብበው አለፉ። የብርጓል ልቧ እየተመለሰ፣ ድምፅዋ እየሞላ መጣ፤ ቤቷ ነውና እያንዳንዱን ጥግ ታውቀዋለች።

«ዘጠኝ?» አለች ብሥራት።

«ነፃ ነው። ማንም አይነካውም። ለመጠባበቂያ ብዬ ነው የተውሁት፤ እስካሁን አንድም ቀን አልተጠቀምንበትም።»

ብሥራት ጣቶቿን የቁልፍ ሰሌዳው ላይ እንዳደረገች ቆየች። አልጻፈችም። ፊቷን ዞር አድርጋ የብርጓልን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«አይተውታል፣ እትዬ?»

የብርጓል አፏን ከፈተች። አዎን ልትል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ነው። መለሰችው። መነጽሯን ከራሷ ላይ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች፣ ወንበሯንም ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«ቆይ ልየው» አለች።

ከላይ ጀምራ ቀስ እያለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወረደች። ብሥራት አላቻኮለቻትም። ከገጹ ወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የብርጓል ራሷ በጻፈችው መስመር ላይ፣ ጣቷ ቆመ።

ዘጠኝ ነፃ አልነበረም።

«ጻፊ» አለቻት።